የሐያት ፊት በሃሉንዳ

ኢክራም ስትደውልልኝ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር። አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙ አትናገርም፤ ስቶክሆልም ያደገ ልጅ ሁሉ እንደዚያው ነው። «ሊዲያ» አለችኝ። ከዚያ፣ «ማማ ኧር ቦርታ» አለች። ቦርታ በስዊድንኛ የለችም ማለት ነው። ሱቅ ለሄደም፣ ለጠፋም፣ ለሞተም አንድ ቃል ነው። የትኛው እንደሆነ ከድምጿ ገባኝ። ሐያት ይመር ወደ አኼራ ሄዳለች።

ለቅሶ ቤት የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ስለ እሷ የየራሱን ያወራ ነበር። አንዷ ስትታመም ማን እንዳስታመመቻት፣ ሌላዋ እንግዳ ሆና አገሩ ስትገባ ማን ቱነልባናውን፣ የምድር ውስጥ ባቡሩን፣ እንዳሳየቻት። ሁሉም እውነት ነው። እኔ የማውቃት ሐያት ግን የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ይህን ስላቸው ገርሟቸው አዩኝ፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ትበልጠኛለችና።

ነገሩ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ከአባቴ፣ ከእናቴና ከታናናሽ ወንድሞቼ ጋር ስቶክሆልም ዳር፣ ቮርቢ ጎርድ እንኖር ነበር። አባቴ ነርስ እንድሆንለት ይጸልይ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ይጸለይልኝ ነበር። እኔ ግን ለአዋቂዎች በተከፈተ አንድ ትምህርት ቤት የፊልምና የማስታወቂያ ሥራ የሚያስተምር የአንድ ዓመት ኮርስ አይቼ ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ከእነዚያ ሁሉ ፀጉራቸውን ቀለም ከተቀቡ ወጣቶች መሐል ሻሽ ያሰረች፣ ካፖርቷን ያላወለቀች፣ ከፊቷ ፔርሙዝ ያቆመች ሐበሻ ተቀምጣለች። የአንዱ ተማሪ እናት መሰለችኝ። ሄጄ እጅ ነሳሁና፣

«ጤና ይስጥልኝ፤ እርስዎ ልጅ አድርሰው ነው?» አልኳት።

ዞር ብላ ከኋላዋ አየች።

«እርስዎ የምትይው ማንን ነው? ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። ዛሬ ሁለታችንም አንደኛ ክፍል ነን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቺ እያልኳት ቀረሁ። ቤት ስትመጣ እናቴ በዚህ ትቆጣኝ ነበር።

ሐያት የደሴ ልጅ ናት፤ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ነው ያደገችው። ሪንከቢ ከልጇ ከኢክራም ጋር ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት በየቤታቸው ያሉ ሽማግሌ ስዊድኖችን ትረዳለች፤ ቁርስ ታበላለች፣ ካልሲ ታለብሳለች፣ መድኃኒት ታስውጣለች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ክፍል ትመጣለች። መምህራችን ቢርጊታ፣ ለምን ይህን ኮርስ እንደመረጥን እያንዳንዳችንን ስትጠይቅ አብዛኛው ተማሪ የሚወደውን ፊልም ጠራ። ሐያት ተራዋ ሲደርስ በዚያ በተሰባበረ ስዊድንኛዋ፣ «እኔ ፊልም አላየሁም። ፖስተር ነው ያየሁት» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም።

በኋላ ለእኔ በአማርኛ አስረዳችኝ። አባቷ ዲነኛ ሰው ስለነበሩ ሲኒማ ቤት መግባት የማይታሰብ ነው። እሷና ታናሽ ወንድሟ ሰይድ ግን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሲኒማ ቤቱ ደጅ ቆመው የተለጠፈውን ሥዕል ያያሉ። ከዚያ እስከ ቤታቸው ድረስ ታሪኩን እየፈጠሩ ይሄዳሉ። ማን ገዳይ እንደሆነ፣ ልጅቷ ለምን እንደምታለቅስ፣ ፈረሱ የማን እንደሆነ።

«ሰይድ አንድ አመል ነበረው» አለችኝ። «ክፉውን ሰውዬ መግደል አይወድም። መጨረሻ ላይ እናቱ ትጠራዋለች፣ ሽጉጡን ጥሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ሁልጊዜ! በማግስቱ ፊልሙን ያየ ልጅ እውነተኛውን ሲነግረን የእኛው ይሻል ነበር።»

ስለ ሰይድ ስታወራ ሁልጊዜ ልጅ ነው። ኳስ ሲያባርር፣ ከበቅሎ ላይ ሲወድቅ፣ የእሷን ዳቦ ሰርቆ ሲበላ። አድጎ የት እንደደረሰ አንድም ቀን አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። በዚያን ጊዜ ሰው ስለ ወንድሙ ዝም ካለ፣ ሌላው አይጠይቅም ነበር።

መልኳን ላውራ። የግራ ቅንድቧ ከቀኙ ከፍ ያለ ነው፤ ዝም ብላ ስታይህ እንኳን የሆነ ነገር የጠየቀችህ ይመስላል። ጥርሷ ፍንጭት ነው። ስትስቅ እንባዋ ቶሎ ስለሚመጣ በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ነው የምትስቀው። አንድ ሰው የሠራውን ሥዕል ሲያሳያት፣ «ቆይ፣ ከሩቅ እንየው» ትላለች፤ ከዚያ ጀርባዋ ከክፍሉ ግድግዳ ጋር እስኪጋጭ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ቢርጊታ ይህን አይታ ሌሎቹንም ወደ ኋላ ማስኬድ ጀመረች።

በክረምቱ መጨረሻ ዋናው የቡድን ሥራ ተሰጠን። አንድ ልብ አንጠልጣይ ፊልም እንፈጥራለን፤ ፊልሙን ግን አንቀርጸውም። የምናዘጋጀው ማስተዋወቂያውን ነው። ፖስተሩን፣ በራሪ ወረቀቱን፣ የአጭር ማስታወቂያውን ዕቅድ። ከሁሉ በፊት ግን ጥናት ይቀድማል፤ ፊልሙን የሚያየው ማነው፣ ምን ያስፈራዋል፣ መንገድ ላይ ምን ያቆመዋል። ሐያት፣ እኔና ፔር የሚባል ከሰሜን የመጣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ አንድ ቡድን ሆንን።

ጥናቱን በከተማው ሲኒማ ቤቶች ጀመርን። እኔና ፔር ፖስተሮቹን እያየን ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠን፣ ፊት ያለበትንና የሌለበትን እንመዘግባለን። ሐያት ለፖስተሩ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። የምታየው የሚያልፈውን ሰው ነው።

«አየሽ» ትለኛለች በክርኗ እየነካችኝ፣ «ያቺ ሽጉጡን አላየችም። ያቺ ያየችው ልጅቷን ነው። ሰው መጀመሪያ ሰው ነው የሚፈልገው።»

ከዚያ ሪንከቢ አደባባይ ሄድን። ሐያት እዚያ ቤቷ ስለሆነ ሁሉንም ታውቃለች። ቲማቲም የሚሸጠውን ሰውዬ፣ «ምን ያስፈራሃል?» አለችው። «ሌላ ክረምት» አላት። ልጅ በጋሪ የምትገፋ አንዲት ሶማሌ፣ ስልክ በጠዋት ሲጮህ እንደምትፈራ ነገረችን። ፔር ይህን ሁሉ ይዞ ቤቱ ሄደና ታሪኩን ጻፈው። አንዲት ሴት ከቮርቢ ጎርድ ባቡር ትሳፈራለች። ስትሳፈር ያያት ሰው አለ። በየትኛውም ፌርማታ ስትወርድ ያያት ሰው ግን የለም። ፊልሙን «ያልወረደችው» አልነው።

የመጀመሪያው ሙከራችን ሁሉ አስቂኝ ነበር። ፔር ደም የሚያንጠባጥብ ቢላ ሣለ። እኔ ባዶ የባቡር ወንበር ሣልኩ፤ የቤት ዕቃ ሱቅ ማስታወቂያ መሰለ። የሐያት የባሰ ነበር። ባቡር፣ ጨረቃ፣ ውሻ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ መሰላልና አንድ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልገባኝ ነገር አንድ ወረቀት ላይ አጉራለች።

«ሐያት፣ ይህ ምንድን ነው?» አለቻት ቢርጊታ።

«ገንዘብ አጥቶ ለማይገባ ሰው ሁሉንም ደጅ ላይ ልንገረው ብዬ ነው» አለች። እሷው ራሷ ቀድማ ሳቀች፤ እኛም ተከተልን።

በሳምንቱ ግን ሌላ ሐሳብ ይዛ መጣች። ፔርሙዟን አስቀመጠችና ቀስ ብላ ነገረችን። ቢላም፣ ባቡርም፣ ጨረቃም የለም። አንድ ፊት ብቻ። ከሥሩ፣ «ይህችን ሴት አይተዋታል?» የሚል ጽሑፍና የስልክ ቁጥር። ልክ ሰው የጠፋበት ቤተሰብ እንደሚለጥፈው። የፊልሙ ስም ከታች በትንሹ ይጻፋል። ወረቀቱን ሰው በሚያልፍበት እንለጥፋለን፤ ማን እንደሚቆም፣ ማን እንደሚደውል እናጠናለን።

ፔር ከወንበሩ ተነሣ። እሱ ለምንም ነገር የማይነሣ ልጅ ነበር።

«የማን ፊት?» አልኩ።

«የኔ» አለች ሐያት። «የሰው ልጅ ፊት ጠፋ ብዬ አልለጥፍም። ሟርት ነው። የኔው ይሁን።»

ፔር የትምህርት ቤቱን ካሜራ አምጥቶ ነጭ ግድግዳ ፊት አቆማት። ሻሿን ግንባሯና ጆሮዋ እስኪታይ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ካሜራውን እያየች ያንን ቅንድቧን አነሣችና ፍንጭቷን አሳይታ ፈገግ አለች። ፔር፣ አትሳቂ አላት። ሳቀች። ደግሞ አላት። ደግማ ሳቀች። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ቢርጊታም አልወደደችውም።

«የሚያስፈራ ፊልም ነው እኮ» አለች። «የጠፋች ሴት እንዲህ ትስቃለች?»

ሐያት ስዊድንኛው ሲጠፋት ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ ነገረችኝ፤ እኔ ተረጎምኩ።

«የጠፋ ሰው ፎቶ ሁሉ የሚስቅ ነው። ሰው ፎቶ ሲነሣ እንደሚጠፋ አያውቅም።»

ቢርጊታ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከዚያ በኋላ ስለ ፈገግታው አላነሣችም። ያዘዘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከግርጌው የተማሪ ሥራ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይግባ፣ የምንለጥፍበትንም ቦታ ባለቤት እናስፈቅድ። አስፈቀድን። ሃሉንዳ ሴንትሩም፣ የገበያ ማዕከሉ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥና አንድ ሱቅ በር ላይ፣ ቮርቢ ጎርድ ደግሞ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ ኪዮስክ ላይ ለጠፍን። የስልክ ቁጥሩ የእኛ ቤት ሆነ፤ እናቴ ወገቧን ታማ ከሥራ ስለቀረች ቀን ቀን ቤት ነበረች።

እናቴ ሥራውን ከሁላችንም በላይ ወደደችው። የደወለውን ሁሉ ታስተናግዳለች። «አልጠፋችም ልጄ፣ ትምህርት ቤት ናት» ትላለች ስዊድንኛና አማርኛ እየቀላቀለች። አንዲት አሮጊት ስዊድን ሐያትን አውቶቡስ ውስጥ እንዳየቻት፣ ጤነኛ እንደምትመስል፣ ቤተሰቧ እንዳይጨነቅ ለመንገር ደወለች። እናቴ አመሰገነቻትና ስለ ወገብ ሕመም ብዙ ተጫወቱ። አባቴ፣ «ቤታችን ፖሊስ ጣቢያ ሆነ» እያለ ጋዜጣውን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ሐያት በየቀኑ ክፍል ስንገናኝ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ሰው ደወለ?»

«ደውሏል።»

«ሐበሻስ?»

እኔ ይህን ለጥናቱ መስሎኝ ነበር።

ትምህርት በሌለበት አንድ ቀን፣ ምሳ እየቀረበ እያለ ስልኩ ጮኸ። እናቴ አነሣች። የቤታችን ስልክ ድምፁ ከፍተኛ ስለነበር እጀታውን ከጆሮዋ አርቃ ነበር የምትይዘው፤ የሚያወራውን ሰው እኔም እሰማለሁ።

«ሐበሻ ናችሁ?» አለ አንድ የጎልማሳ ድምፅ።

«አዎን፤ ማን ልበል?»

«እንድሪስ እባላለሁ። ሃሉንዳ ነው የምኖረው። ሱቁ በር ላይ ስላለችው ሴትዮ ነው፤ ጠፋች የተባለችው።»

«አልጠፋችም ወንድሜ፤ አይጨነቁ። ልጆቹ ለትምህርት የሠሩት ነው።»

«እሷን አላውቃትም» አለ ሰውዬው። «ወንድሟን ነው የማውቀው።»

እናቴ እጀታውን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው፤ ግን አሁንም ይሰማኛል።

«ያ ቅንድብ፣ ያ ፍንጭት የሱ ነው። አሳሳቁም የሱ ነው። ሱቁ በር ላይ ስደርስ እሱ ራሱ በሴት ልብስ የቆመ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ አብረን ሰሊጥ አጭደናል። የደሴ ልጅ ነው። ሰይድ ይመር ይባላል።»

ወረቀቱ ላይ የሐያት ስም አልነበረም። የአባቷም ስም አልነበረም። እኔ ከወጥ ቤቱ ወጥቼ እናቴን አየኋት።

«የሐያት አባት ስም ማነው?» አለችኝ በሹክሹክታ፣ እጀታውን በእጇ ሸፍና።

«ይመር» አልኳት። «ወንድሟም ሰይድ ነው።»

እናቴ ተመልሳ፣ «አሁን የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀች።

ሰውዬው፣ «እህቴ፣ ይህ በስልክ የሚነገር ነው?» አላት።

«አይደለም» አለች እናቴ። አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእኛ እጅ ወጥቶ ወደ ትልልቆቹ ገባ። እናቴ አቶ እንድሪስን ሃሉንዳ ሄዳ አገኘችው፤ ሁሉንም ከአፉ ሰማች። ሪንከቢ የሚያሰግዱትን ሼህ ሙሳን አፈላልጋ አነጋገረች። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሴት ከአንድ ሼህ ጋር ስልክ ላይ ስትመካከር አባቴ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እንዲያውም ሼሁ ሲደውሉ ተነሥቶ ነበር የሚያናግራቸው። መርዶ በደንብ መነገር አለበት ተባለ። ሰው በሚሰበሰብበት፣ ሐያት ሥራ በማትሄድበት በቅዳሜ ጠዋት። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።

እስከዚያ ግን እኔ ከሐያት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። በራሪ ወረቀቱን እየቆረጥን፣ እየለጠፍን። ፊቷን በብዛት አትመን ጠረጴዛው ላይ ደርድረነዋል፤ በየትም ዞር ብል ትስቅብኛለች። የደዋዮቹን ነገር አንሥታ፣

«ሐበሻስ ደወለ?» አለችኝ እንደ ወትሮው።

«እናቴ ናት የምታነሣው» አልኳት።

መቀሱን አስቀምጣ ፊቴን አየችው። ምን እንዳየችበት አላውቅም። ከዚያ መቀሱን መልሳ አነሣችና፣ «በጠርዙ ቁረጪው፤ ጆሮዋን እንዳትነኪው» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሪንከቢ ደረስን። ሼህ ሙሳ፣ አቶ እንድሪስ፣ እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ፣ እኔ ከኋላ። የሐያት ጎረቤቶች የሆኑ የወሎ ሴቶች ከታች ደረጃው ላይ ይጠብቁናል። ሐያት በሩን ስትከፍት እጇ በሊጥ ነበር። ሼሁን አየች። እናቴን አየች። አቶ እንድሪስን፣ የማታውቀውን ሰው፣ ከሁሉም ይልቅ ረዘም አድርጋ አየችው።

«ሰይድ ነው?» አለች።

ሼህ ሙሳ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«ግቡ» አለች። «በር ላይ አትቁሙ፤ ግቡ።»

ሁሉንም አስቀመጠች። እጇን ታጥባ መጣችና አቶ እንድሪስ ፊት ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

«አንተ ነህ ያየኸው?»

«እኔ ነኝ እህቴ። እኔ ነኝ የቀበርኩት።»

«ምን ሆኖ?»

«ወባ ነው። በአጨዳው መጨረሻ። ሁለታችንም ታመን ነበር፣ እኔን አላህ አተረፈኝ።»

«ብቻውን ነበር?»

«አልነበረም። ራሱ ጉልበቴ ላይ ነበር። ውሃ እያጠጣሁት ነበር። ከፈኑ ንጹሕ ጨርቅ ነበር። አራት ሆነን ሰግደንበታል።»

«እጅህን ስጠኝ» አለችው።

ሁለቱን እጆቹን ዘረጋላት። በእጆቿ ይዛ መዳፉን ገለበጠችና አየችው። ከዚያ ግንባሯን እዚያ እጅ ላይ ደፍታ አለቀሰች። ሼሁ ኢንና ሊላሂ አሉ። ደረጃው ላይ የነበሩት ሴቶች ገቡ። በዚያች ጠባብ ሳሎን ውስጥ የተነሣው ለቅሶ ዓመታት የቆየ ለቅሶ ነበር፤ የሰይድም ብቻ አልነበረም። አቶ እንድሪስም አለቀሰ፤ እናቴም ኦጋዴን የቀረውን የራሷን ወንድም እየጠራች አለቀሰች። ኢክራም፣ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ እናቷን ከኋላ አቅፋ ተቀምጣለች።

በመሐል በሩ ተንኳኳ። ከላይ ፎቅ የምትኖር ስዊድን ናት፤ ስለ ጩኸቱ ልትናገር ነው የመጣችው። ኢክራም ወጥታ የእናቷ ወንድም እንደሞተ ነገረቻት። ሴትዮዋ ወደ ላይ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ የሚታጠፉ ወንበሮች በሁለት እጇ ተሸክማ መጣች። በር ላይ ደርድራቸው ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶው በረድ ሲል እናቴ ሐያትን፣ «ለምን አልነገርሽንም እህቴ? አብረን በፈለግነው ነበር» አለቻት።

«ብነግራችሁ ፎቶው የታለ ትሉኝ ነበር» አለች ሐያት። «የጠፋ ሰው የሚያፈላልጉትም እንዲሁ ነው ያሉኝ፤ ፎቶ አምጪ። ከየት ላምጣ? እሱን ፍለጋ ሱዳን ስገባ የያዝኩትን ሁሉ መንገድ ላይ ተቀማሁ። ፎቶው የለኝም። ፊቱ ግን አለኝ። እናታችን፣ እናንተ መስተዋት አያስፈልጋችሁም፣ ተያዩ ትለን ነበር።»

ከዚያ እኔን ፈልጋ አየችኝ። እየዳኸች ጭምር ነበር የመጣችው፣ በሰው እግር መሐል።

«አብሽሪ» አለችኝ። እሷ ናት እኔን የምታጽናና። «የትምህርቱንም አልዋሸሁም። ግማሹ ለክፍሉ ነው፣ ግማሹ ለኔ።»

የቡድናችን ሥራ የሚቀርብበት ቀን ሲደርስ ቢርጊታ፣ ሐያት ባትመጣም ችግር የለም ብላኝ ነበር። ሐያት ግን መጣች። ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ፔርሙዟን ይዛ። ፔር ስንት ሰው እንደደወለ፣ ምን እንዳሉ፣ የትኛው ቦታ ብዙ ሰው እንዳቆመ አቀረበ። እኔ በራሪ ወረቀቱን አሳየሁ። ሐያት ተራዋ ሲደርስ ፖስተሩን ሰሌዳው ላይ ሰቀለችና ወደ ኋላ ሄደች፣ ክፍሉ ግድግዳ ድረስ። ከዚያ ሆና ተናገረች።

«ሰው ከሩቅ ጽሑፍ አያነብም፤ ፊት ያያል። ከግርጌ የጻፍነውን አንድም ሰው አላነበበም። እኛ ጨዋታ ነው ብለን ጻፍን፤ እነሱ ግን እውነት ተጨነቁ። አሮጊቷ ጤነኛ ናት ብላ ደወለች። እኔ ያጠናሁት ይህን ነው። ለማስፈራራት ለጠፍን፤ ሰው ግን አልፈራም። አዘነ። አንድ ሰው ደግሞ ፊቱን አወቀው። የኔን ግን አልነበረም።»

ከዚያ ተቀመጠች። ክፍሉ የመጨረሻው አልገባውም። ፔር ግን ገብቶታል፤ ነግሬው ነበር። ያ ዝምተኛ ልጅ ተነሥቶ ከሐያት ፔርሙዝ ዝንጅብል ሻይ ቀዳና ፊቷ አስቀመጠላት።

የቀረንን ሥራ፣ ፖስተሮቹን ማንሣቱን፣ ከአቶ እንድሪስ ጋር ሄደን ጨረስነው። ሃሉንዳ ሱቁ በር ላይ ያለውን ሐያት በጥፍሯ ቀስ እያለች ጠርዙን ስትልጥ ባለሱቁ ወጣ። ቱርክ ነው። ሐያትን አየ፣ ወረቀቱን አየ።

«ተገኘሽ?» አላት እየሳቀ።

«ተገኘ» አለችው።

ባለሱቁ ስዊድንኛዋ የተሳሳተ መስሎት ሊያርማት አፉን ከፈተና የሦስታችንን ፊት ሲያይ ተወው። ለአቶ እንድሪስ አንድ ከረጢት ብርቱካን ሰጠው፤ ገንዘብም አልተቀበለው።

ኮርሱ አለቀ። እኔ ትንሽ ቆይቼ ማተሚያ ቤት ሥራ ገባሁ፤ አባቴ ነርስነቱን ተስፋ ቆረጠበት። ሐያት ወደ ፊልም አልሄደችም። ሽማግሌዎቿን መርዳቷን ቀጠለች። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በሪንከቢና በሃሉንዳ የሐበሻ ዒድ፣ ሠርግ፣ ባዛር ሲኖር የሚለጠፈውን ወረቀት እሷ ናት የምትሠራው። ማተሚያ ቤት ይዛልኝ ትመጣለች። አንድ ሥዕል፣ ጥቂት ቃል። ውሻና መሰላል የሌለበት። እኔ ሳቅ ስል እሷም የመጀመሪያውን አስታውሳ እንባዋን በሻሿ ትጠርጋለች።

አቶ እንድሪስ ብቸኛ ሰው ነበር። ሃሉንዳ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከራዲዮ ጋር ነው የሚኖረው። ሐያት ያን ዓመት በዒድ ቀን ሳህን በሳህን ደራርባ፣ በቱነልባና ከተማውን አቋርጣ ወሰደችለት። በሚቀጥለው ዒድ ደግሞ። ከዚያ እሱ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሳሎኑ ጫፍ ላይ ካፖርቱን ሳያወልቅ ይቀመጣል፤ እንግድነቱ አይለቀውም። ስለ ሰይድ ታስወራዋለች። ሰሊጥ ሲያጭድ ምን ይዘፍን እንደነበር፣ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማንን ሊያገባ አስቦ እንደነበር። ሁሉንም ደጋግማ ትሰማለች። አንድ ጊዜ እኔ ባለሁበት እንድሪስ፣ «ማታ ማታ ታሪክ ያወራልን ነበር። ሌባ ይሁን ገዳይ፣ መጨረሻው ላይ እናቱ ትጠራዋለች» አለ። ሐያት ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ኢክራም ያገባችው ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ኒካሁ የታሰረው ሃሉንዳ በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ነው። አባቷ በሕይወት የለም፤ የአባቷ ታላቅ ወንድም ከጀርመን መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። የሙሽራው ወገን ብዙ ነው፤ አጎት፣ የአጎት ልጅ፣ ሽማግሌ፣ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። በኢክራም በኩል ያሉት ሽማግሌ ብቻቸውን ናቸው። ሼህ ሙሳ ዱዓ ከማድረጋቸው በፊት ወደ ሴቶቹ ዞረው፣

«በእናቷስ በኩል የሚቀመጥ ዘመድ ማን አለ?» አሉ።

አቶ እንድሪስ ከኋላ፣ ሰው ጫማውን ባወለቀበት በር አጠገብ ነበር። ሻይ ሊያመጣ እንደሚወጣ ሰው ተነሥቶ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። ሐያት ከሴቶቹ መሐል ቆመች።

«አጎቷ አለ» አለች። «እንድሪስ፣ ና እንጂ። ሰው እየጠበቀህ ነው።»

እሱ በሩን እንደያዘ ቆመ። ኢክራም ከእናቷ አጠገብ ሆና በዚያ በማትደፍረው አማርኛዋ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «አጎቴ፣ ና» አለችው።

አቶ እንድሪስ ካፖርቱን አወለቀ። በረድፎቹ መሐል አልፎ ከጀርመን ከመጡት ሽማግሌ ጎን ተቀመጠ።